ካሮት ከተነቀለ በኋላ አፈር ውስጥ የሚቀረው

እናቴ ካሮት ስትነቅል አትጎትትም። ቅጠሉን ከአንገቱ ሰብስባ በግራ እጇ ትይዝና በቀኝ አውራ ጣቷ ዙሪያውን ያለውን አፈር ጫን ጫን ታደርጋለች፤ ከዚያ ትንሽ ጠምዘዝ። ካሮቱ ሳይሰበር ይወጣል። መዳፏ ላይ አንዴ መታ አድርጋ ታራግፍና ቅርጫት ውስጥ ትጥለዋለች። ሁልጊዜ ግን ጎኑ ላይ የማይራገፍ ጥቂት አፈር ይቀራል። ልጅ ሆኜ ያንን አፈር በጥፍሬ እፍቀው ነበር። የያዙት ቀጫጭን የሥር ፀጉሮች ናቸው እል ነበር። ፀጉሮቹ ብቻ እንዳልሆኑ ያወቅኩት ብዙ ዘግይቼ ነው።

መሬታችን ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጥቅምት ከገባ ጀምሮ ውርጭ የሚፈራበት አገር። አንድ ጥማድ አይሞላም። ድንች፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ነጭ ሽንኩርት እናበቅልበታለን፤ ጥግ ጥጉን ባቄላና ገብስ። አባቴ ካረፈ በኋላ ሥራውን ከእናቴ ጋር የያዝኩት እኔ ነኝ። ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያ ማምረት የጀመርነው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። መጀመሪያ ያስገደደን ዋጋው ነው። በዚያው የቆየነው ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ እሱን ልናገር።

አያቴ አፈር ያቃጥሉ ነበር። ጋይ ይባላል፤ በሰሜን ሸዋ ደጋ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ለብዙ ዓመታት ጦም ያደረ መሬት በበጋ ይታረስና ሳር የያዘው ጓል በየቦታው ይከመራል። ከሥሩ ደረቅ እበት ይገባና እሳት ይለኮስበታል። ነበልባል የለውም፤ ቀናት ሙሉ እየጨሰ ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል። ጠዋት ጠዋት ጭሱ ከጉም ጋር ተደባልቆ ሜዳው ላይ ሲተኛ እናቴ እስከ ዛሬ ታወራዋለች። ሲበርድ አፈሩ እንደ ሸክላ ቀልቶ ይወጣል፤ ይበተንና ገብስ ይዘራበታል። የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ያምራል፤ እሳቱ አፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረውን ፎስፈረስ የሚባል የተክል ምግብ በአንድ ጊዜ ስለሚፈታው። በተከታዩ ዓመት ይቀንሳል፤ ከዚያ መሬቱ እንደገና ይተዋል፣ ሳር ይለብሳል፣ ያርፋል። አያቴን አልወቅስም። ተራውን ጠብቆ የሚያርፍ መሬት ነበራቸው። እኔ የሚያርፍ መሬት የለኝም፤ ያቺው አንዷ በየዓመቱ መስጠት አለባት። ስለዚህ የታሰረውን ፎስፈረስ ያለ እሳት የሚፈታ ነገር ያስፈልገኝ ነበር።

ያ ነገር ማይኮራይዛ እንደሚባል ከአንድ ሥልጠና ሰማሁ። አፈር ውስጥ ከተክል ሥር ጋር ተጣምሮ የሚኖር ፈንገስ ነው። ፈንገስ ሲባል እኛ አገር ቶሎ የሚታሰበው በሽታ ነው፤ ዋግ፣ ሻጋታ፣ ብስባሴ። ይህኛው ግን ሥሩን አያበሰብስም፤ ያበላዋል። ስሙን በ1885 እ.ኤ.አ. ያወጣለት ፍራንክ የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሆን ከግሪክኛ የመጣው ትርጉሙ በቀጥታ “የፈንገስ ሥር” ማለት ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ራይኒ በሚባል ቦታ 400 ሚሊዮን ዓመት ያለፈው ድንጋይ ውስጥ ከዕፅዋት ጋር ተጣምሮ ተገኝቷል። የዚያ ዘመን ዕፅዋት ገና እውነተኛ ሥር አልነበራቸውም። በሥር ለምተዳደር ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ካሮት የምንለው ነገር ሳይኖር፣ ሥር የሚባለው ራሱ ሳይኖር፣ ይህ ፈንገስ ለተክል ምግብ ያመላልስ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት ያደረግኩትን ልንገራችሁ፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው። አንድ ከረጢት የማይኮራይዛ ዱቄት ገዛሁ። ለእኛ ርካሽ አልነበረም። ኮምፖስት ለአፈር ጥሩ ነው፣ ፈንገሱም ለአፈር ጥሩ ነው ብዬ ሁለቱን አንድ ላይ አደረግኳቸው፤ ክምሩን ሳገላብጥ ዱቄቱን መሐሉ ላይ በተንኩት። ክምሩ በዚያ ሰሞን እጄን ብከት ሁለት ሴኮንድ የማያስቆይ ነበር። ካሮቱ መደብ ላይ ደግሞ ቶሎ እንዲያድግ ብዬ ያልበሰለ እበት ጨመርኩ። በመከር ጊዜ ከነቀልነው ካሮት ብዙው እግሩ ሁለት ሦስት ቦታ የተሰነጠቀ፣ ጢም ያበቀለ ነበር። ነጋዴው ከጆንያው ላይ አንዱን አንስቶ አገላብጦ አየና ዋጋውን ከግማሽ በታች ጠራ። እናቴ ምንም አላለችም። ዝም ማለቷ ግን እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

የገባኝ አንዲት የአፈር ሳይንስ የተማረች ጓደኛዬ ቤተ ሙከራ ስታስገባኝ ነው። ከሦስት መደብ ሥር ይዤ እንድመጣ ነገረችኝ፤ ወፍራሙን ሳይሆን ከጎኑ የሚወጣውን ቀጭኑን፣ እንደ ስፌት ክር ያለውን። አንዱ በእበት ኮምፖስት ካበቀልነው ካሮት፣ ሁለተኛው የዶሮ ኩስ በብዛት ከጨመርኩበት መደብ ካሮት፣ ሦስተኛው ከቀይ ሥር። አጠበቻቸው፤ በፖታሽ ውኃ ቀቀለቻቸው፤ ቀለማቸው ለቆ እንደ ብርጭቆ እስኪያሳልፉ ድረስ። ከዚያ አንድ ብልቃጥ የብዕር ቀለምና አቼቶ አወጣች። እኔ ሌላ ውድ መድኃኒት ነበር የምጠብቀው። ቀለሙን በአቼቶ በጥብጣ ሥሮቹን ውስጡ ለጥቂት ደቂቃ አቆየችና አለቀለቀቻቸው።

“እዪ እስቲ” አለችኝ።

የመጀመሪያውን ካሮት ሥር በማይክሮስኮፑ ሳይ መጀመሪያ የተሳሳተ ነገር የማይ መሰለኝ። በመስታወት ቱቦ ውስጥ ሰማያዊ ክሮች ይሮጣሉ። አንዳንዱ ክር ከሥሩ ወጥቶ ወደ ውጭ ይሄዳል። ሥሩ ውስጥ ደግሞ በእያንዳንዷ ጎጆ፣ ማለት በእያንዳንዷ ሕዋስ፣ ክሩ ገብቶ ተከፋፍሎ፣ ተከፋፍሎ፣ ትንሽ ዛፍ ሆኖ ቆሟል። ስሙም ከላቲን የመጣ ሆኖ “ትንሿ ዛፍ” ማለት እንደሆነ ነገረችኝ። ልውውጡ የሚካሄደው እዚያች ዛፍ ላይ ነው። ሁለተኛውን አስቀመጠችልኝ፤ የዶሮ ኩስ ያለበትን። ክሩ አለ፤ ግን ሳሳ ያለ ነው፤ ዛፎቹን እየፈለግኩ ነው ያገኘኋቸው። ሦስተኛው፣ ቀይ ሥሩ፣ ባዶ ነበር። ጥርት ያለ ባዶ ቱቦ።

“ቀለሙ አልያዘውም?” አልኳት።

“ይዞታል። የሚይዘው የለም እንጂ። ቀይ ሥር ከዚህ ፈንገስ ጋር አይጣመርም። ቆስጣም እንደዚያው፣ ጎመንም፣ ፍጁልም።”

ሁለት ዓመት ሙሉ ቀይ ሥሬንም ካሮቴንም በአንድ ዓይን ነበር የማያቸው። ሁለቱም ሥራ ሥር ናቸው፤ ሁለቱም ገበያ ላይ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። አፈር ውስጥ ግን አንዱ ከጎረቤት ጋር ተበዳድሮ ይኖራል፤ ሌላው ብቻውን። ድንች ይጣመራል፤ ስኳር ድንችም፣ ጎደሬም፣ ነጭ ሽንኩርትም። ነጭ ሽንኩርት እንዲያውም ሥሩ ወፍራምና ፀጉር የሌለው ስለሆነ ከማንም በላይ ይህን ፈንገስ ይፈልጋል።

ክሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ፎስፈረስን ማወቅ ይበቃል። ናይትሮጅን ከውኃ ጋር ይጓዛል፤ ፎስፈረስ ግን ካለበት አይነቃነቅም። የእኛ አገር አፈር ውስጥ፣ በተለይ በኮመጠጠው ቀይ አፈር፣ ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። ሥሩ አጠገቡ ያለውን ሚሊሜትር ያህል ይመጥና ይጨርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቢበዛም እጁ አይደርስም። የፈንገሱ ክር ከሥር ፀጉር እጅግ የቀጠነ ስለሆነ በአፈር ቅንጣቶች መሐል ሾልኮ ሴንቲሜትሮች ርቆ ይሄዳል፤ ያመጣውን ለሥሩ ይሰጣል። ተክሉ በምላሹ ከቅጠሉ የሠራውን ስኳርና ስብ ይከፍለዋል፤ አንዳንዴ ከሚሠራው እስከ 20 በመቶ ድረስ። ስቡ ላይ ነው እኔ የቆምኩት። ይህ ፈንገስ የራሱን ስብ መሥራት አይችልም። ከሕያው ሥር ካላገኘ አያድግም፣ አይራባም። ለዚህ ነው ኮምፖስት ክምር ውስጥ ሊኖር የማይችለው። ክምሩ ባይሞቅም እንኳ ሕያው ሥር የለበትም። ሲሞቅ ደግሞ 60 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ያ ዱቄቴ እዚያው ነው ያለቀው። የዶሮ ኩሱም ነገር ያኔ ተገለጠልኝ። ኩሱ በፎስፈረስ የበለጸገ ነው፤ ተክሉ ከደጁ ጠግቦ ሲያገኝ ለፈንገሱ መክፈሉን ይተዋል። የፋብሪካው ማዳበሪያ ሲበዛም የሚሆነው ይኸው ነው።

ታዲያ ኮምፖስቱ ለምን? ለቤቱ ነው። አፈሩ ልል እንዲሆን፣ ውኃ እንዲይዝ፣ ክሩ የሚሄድበት መንገድ እንዲያገኝ። ካሮት ደግሞ ከማንም በላይ ልል አፈር ይፈልጋል፤ ጓል ሲያጋጥመው ነው የሚሰነጠቀው። ሲበርድ ኮምፖስቱ ሌሎች ፈንገሶችም ይገቡበታል። አረንጓዴ ሻጋታ መስሎ የሚታየው ትሪኮደርማ ድንች ላይ ጥቁር ቅርፊት የሚያመጣውን ፈንገስ እየተጠመጠመ የሚበላ ነው። እሱን ሳይ ድሮ እደነግጥ ነበር፤ አሁን ደስ ይለኛል።

ከኮምፖስቱ ሥራ ከባዱ መከመር አይደለም። መከመሩን የልማት ሠራተኞች በደንብ አስተምረውናል። ከታች አገዳና ጭራሮ አየር እንዲያስገባ፣ ከዚያ ገለባ፣ እርጥብ አረም፣ እበት፣ ስስ አፈር፣ እፍኝ አመድ፤ ከዚያ እንደገና። እርጥበቱ ተጨምቆ እንደወጣ ጨርቅ መሆን አለበት። መሐሉ ላይ ዱላ ይሰካል፤ ዱላው ሲነቀል ሞቆና ወዝቶ ከወጣ ክምሩ እየሠራ ነው፣ ደርቆ ከወጣ ውኃ ይፈልጋል። ቆላ ላይ በሦስት ወር ይደርሳል ይባላል፤ እኛ ብርድ ውስጥ ስለሆንን አራት ወር አልፎ ነው ጥቁር ሆኖ የዝናብ አፈር የሚሸተው። ትግራይ ውስጥ በ1996 እ.ኤ.አ. በዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና በባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ አስተባባሪነት የተጀመረው የኮምፖስት ሥራ ገበሬው በየማሳው በዚህ መንገድ ከከመረው ከፋብሪካው ማዳበሪያ ያላነሰ ምርት ማግኘት እንደሚችል አሳይቷል። እነዚያ ማሳዎች ከእኛ የባሰ የተራቆቱ ነበሩ።

ከባዱ እበቱ ነው። ደብረ ብርሃን አካባቢ እበት ማገዶ ነው። ኩበት ይጠፈጠፋል፤ የተረፈው ገበያ ወጥቶ ዘይትና ጨው ይሆናል። እናቴ በኩበት ነው ያሳደገችን። ለኮምፖስቱ እበት ስወስድ የምወስደው ከእሳቷ ነው።

“እበቱን ለአፈር ሰጥተሽ እንጀራውን በምን ልትጋግሪልኝ ነው?” አለችኝ አንድ ቀን፣ ቆጣ ብላ ሳይሆን ከልቧ እየጠየቀች።

“እማዬ፣ አፈሩም ይበላል እኮ” አልኳት።

“አፈሩስ ይብላ። ልጆቹስ?”

መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም። ስለ ተፈጥሮ ግብርና የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ዘሎ ሲሄድ ያናድደኛል። አንድ ከብት የሚጥለው እበት አንድ ነው፤ ወይ ምድጃ ይገባል ወይ ማሳ። እኛ ያደረግነው መከፋፈል ነው። በበጋ ከሚደርቀው እበት ይጠፈጠፋል፤ ክረምት የሚረግፈው፣ መቼም ለኩበት የማይመቸው፣ ወደ ክምሩ ይሄዳል። ለማገዶው የአጥሩን ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጨመርን። ምድጃውን ደግሞ ማገዶ ቆጣቢ አደረግነው። ከዚህ በላይ አልቻልንም፤ እውነቱ ይኸው ነው። ግን ክረምት የሚባክነው እበት ብቻውን ምን ያህል እንደሚሆን ያየነው ከለየነው በኋላ ነው።

ዱቄት መግዛቱን ትተን ፈንገሱን እዚሁ ማራባት የጀመርነው በሦስተኛው ዓመት ነው። ጓደኛዬ አፈር የምወስደው ካልታረሰና ብዙ ዓይነት ዛፍ ካለበት ቦታ እንዲሆን መከረችኝ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር። ጽዱም ወይራውም ከዚህ ፈንገስ ጋር የሚጣመሩ ዛፎች ናቸው። ቄሰ ገበዙን ሄጄ አስፈቀድኩ። የመጣሁበትን ሲሰሙ ትንሽ አሰቡ።

“ለዘር ከሆነ ውሰጂ፣ ልጄ” አሉኝ። “የቆፈርሽበትን ግን መልሰሽ ድፈኚው።”

ከአንድ ጽድ ሥር ቅጠሉን ገለል አድርጌ አንድ ቁና የማይሞላ አፈር ወሰድኩ፤ ጉድጓዱን ከማሳችን ባመጣሁት ኮምፖስት ደፈንኩት። ያንን አፈር ከአሸዋ ጋር ቀላቅዬ በአሮጌ ጆንያዎች ሞላሁና ባሮ ሽንኩርትና ገብስ ዘራሁበት። በቆሎ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እኛ ጋ ብርዱ አያበቅለውም። ማዳበሪያ የለም፣ ኮምፖስትም የለም፤ ትንሽ መራብ አለባቸው፤ ካልተራቡ ፈንገሱን አይጠሩም። አራት ወር ሲሞላቸው ውኃ ማጠጣት አቆምኩ። ተክሉ ሲደርቅ ፈንገሱ ዘሩን ይጥላል። ከዚያ ሥሩን ከነአፈሩ በማጭድ ከታተፍኩት። ያ ነው ዘራችን። ድንች ስንተክል በየጉድጓዱ ከድንቹ ሥር እፍኝ፤ ነጭ ሽንኩርት ላይ እንደዚያው፤ ለካሮት ደግሞ ዘሩ በሚፈስበት ፈር ውስጥ በቀጭኑ። ድንችን ወደ አገራችን በ1858 እ.ኤ.አ. ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ እንዳስገባው ይነገራል። ከአንዲስ ተራራ የመጣ ባዕድ ተክል የቤተ ክርስቲያናችን ጽድ ከሚመገብበት ክር ጋር ያለ ችግር ይግባባል። ይህ ፈንገስ አገር አይመርጥም።

ሁሉም ነገር ወዲያው ተቀየረ ብዬ አልዋሽም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ምርታችን ቀንሶ ነበር። ለውጡ መጀመሪያ የታየን በዝናብ መሐል ድርቅ ሲገባ ነው፤ የጎረቤት ድንች ቅጠል ቀትር ላይ ሲጠወልግ የእኛ ቆሞ ይውል ነበር። ካሮቱም እግሩን መሰንጠቅ ተወ። እሱ ከፈንገሱ ይልቅ የበሰለው ኮምፖስት ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ ብሎኝ ቆየ። የገብስ ገበሬ ከላይ አጭዶ ሥሩን ለአፈር ይተዋል። እኛ የምንሸጠው ሥሩን ነው። ድንች ስንቆፍር አፈሩን እንገለብጣለን፤ ለወራት የተዘረጋውን ክር በአንድ ጠዋት በመቆፈሪያ እንበጥሰዋለን፤ ፈንገሱ የሚኖርበትን ሥር ነቅለን ገበያ እንወስደዋለን። ከዚያ መደቡ ባዶውን ለወራት ፀሐይ ይመታዋል። ቤቱን ካፈረስን በኋላ ተከራዩ ለምን ሄደ እንላለን። ጥሩ ኮምፖስት፣ ጥሩ ዘር፣ ይህ ሁሉ ከንቱ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ለሥራ ሥር አምራች ትልቁ ጥያቄ ምን ልጨምር ሳይሆን ነቅዬ ስወጣ ምን ሕያው ነገር ትቼ ልውጣ የሚለው እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ መደብ በሙሉ አንነቅልም። አንዱን መስመር ነቅለን አንዱን እንተዋለን፤ በተነቀለው ላይ ባቄላ እንዘራለን፤ ባቄላው ሥር ሲይዝ የተረፈውን ካሮት እንነቅላለን። ከጎኑ ያለው ሕያው ሥር ላይ ያለው ክር ወደ አዲሱ ይሻገራል። ቀይ ሥርንም አልተውነውም፤ ገበያው ይወደዋል። ግን ከቀይ ሥር ወይም ከጥቅል ጎመን በኋላ ካሮት ወይም ነጭ ሽንኩርት አንዘራም፤ በመሐል ገብስ ወይም ባቄላ ያልፍበታል። ቀይ ሥሩን ራሱን በነጭ ሽንኩርት መስመር መሐል ነው የምንዘራው፤ ፈንገሱ በዚያ ወቅት ቤት አልባ እንዳይሆን።

እናቴ ስለ ማይክሮስኮፑ ብዙ ነግሬያታለሁ። ታዳምጠኛለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ባለፈው ታኅሣሥ ካሮት ስንነቅል እኔ ወደ ፊት ሄጄ ነበር፤ ዞር ብዬ ሳያት ሻሿ ጫፍ ላይ ባቄላ ቋጥራለች። ካሮቱን ጠምዘዝ አድርጋ ታወጣዋለች፣ መዳፏ ላይ መታ ታደርገዋለች፤ ከዚያ ቅርጫቱ ውስጥ ከመጣሏ በፊት ሁለት ባቄላ ከቋጠሮው አውጥታ ካሮቱ በወጣበት ቀዳዳ ውስጥ ትጥልና በአውራ ጣቷ ትደፍነዋለች። እኔ እንዲህ አድርጊ አላልኳትም፤ የምዘራው በመስመር ነበር።

“ምነው፣ እማዬ?” አልኳት።

“ባዶውን መተው አልሆነልኝም” አለችኝና ቀጣዩን ካሮት ያዘች።